በነፋስ ዋሻ ውስጥ በአይሮፕላን ሞዴል ላይ ግፊት እንዴት ይለካል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ላፍቶ



በላፍቶ የሚኖር ሰው አይሮፕላን ለማየት ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። ከቦሌ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ከሚያቀኑት ብዙዎቹ በሰፈራችን ሰማይ ላይ ያልፋሉ። ሕፃናት «ያ ሁሉ ብረት እንዴት ሳይወድቅ ይቆማል?» ብለው ሲጠይቁ ትልልቆቹ «ክንፍ አለው እኮ» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይጨርሰውም። ክንፉ ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ፣ በየትኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ማንሣቱን እንደሚተው፣ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ማን ለካው? በምንስ ለካው? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመግለጽ ነው።

እንግሊዞች «ዊንድ ተነል» የሚሉትን እኔ እዚህ የነፋስ ዋሻ እለዋለሁ። የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። የክፍለ ከተማችን ስም የወጣው ሕዝቡ ያለ ሽቦ የሚሠራውን መገናኛ «ነፋስ ስልክ» ብሎ ስለ ጠራው ነው ሲባል እሰማለሁ። ለአዲስ መሣሪያ ስም በማውጣት አያቶቻችን ከእኛ ሳይበልጡ አይቀሩም።

የነፋስ ዋሻ አሳቡ ቀላል ነው። ከላፍቶ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ እጁን በመስኮት ሲያወጣ ነፋስ ይገፋዋል። ታክሲው ቆሞ ነፋሱ በዚያው ፍጥነት ቢመጣበትም እጁ የሚሰማው ግፊት ያው ነው። እንግዲህ ክንፉን አየር ውስጥ ከማስሮጥ ይልቅ ክንፉን አስሮ አየሩን ማስሮጥ ይቻላል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ለካዩ በእርጋታ ቆሞ ያያል፤ ክንፉ ቢሰበርም የሚሞት ሰው የለም።

የመጀመሪያውን የነፋስ ዋሻ በእንግሊዝ አገር በግሪኒች እ.ኤ.አ. በ1871 ያሠራው ፍራንሲስ ዌንሃም ነው። ሥራው በሰፊው የታወቀው ግን በሁለቱ ወንድማማቾች በዊልበርና በኦርቪል ራይት ነው። እነርሱ በመጽሐፍ የታተመውን የማንሣት ኀይል ሰንጠረዥ ተከትለው የሠሩት መንሸራተቻ ከተሰላው በታች ስላነሣላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 በመኸር ወራት ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ሠሩ። ሚዛኑን ያበጁት ከብረት መጋዝ ስለትና ከብስክሌት ራጅ ነበር። ወደ 200 የሚጠጉ ትናንሽ ክንፎች በዚያ ሣጥን ውስጥ ፈትነው የራሳቸውን ሰንጠረዥ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በረሩ። እኔ የምደነቀው በመብረራቸው ብቻ አይደለም፤ የታተመውን ቍጥር እንደገና ለመለካት በመድፈራቸው ነው።

የራይት ወንድማማቾች ሚዛን ክንፉ በጠቅላላው ስንት እንደሚያነሣ ይናገራል። የማንሣቱ ኀይል ከክንፉ ከየትኛው ቦታ እንደሚመጣ ግን አይነግርም። ይህን ለማወቅ ክንፉን መብሳት ያስፈልጋል። በክንፉ ቆዳ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበቡ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ቀጭን ቱቦ በክንፉ ሆድ ውስጥ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ቀዳዳው ከቆዳው ጋር እኩል መሆን አለበት። ጠርዙ በጥቂቱ ቢነሣ ወይም ቢጐደጕድ አየሩ ይሰናከልና የሚነበበው ግፊት ሌላ ይሆናል። የታላቁን የፓሪስ ግንብ የሠራው ጕስታቭ ኤፌል በእርጅናው ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በዚሁ ሥራ ተጠምዶ ነበር። በቀዳዳዎቹም ያገኘው ውጤት ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው፤ ክንፍን በይበልጥ የሚያነሣው ከሥሩ የሚገፋው አየር ሳይሆን በላዩ ላይ የግፊቱ መቀነስ ነው።

ቱቦው ከክንፉ ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ወደ ማኖሜትር ይሄዳል። ማኖሜትር የሚለው ስም የሚያስፈራው ተማሪ ካለ፣ በሰፈራችን በየቦታው የሚሠራውን ፎቅ ሄዶ ይመልከት። ግንበኞች ሁለት ግድግዳ እኩል ከፍታ መሆኑን ለማወቅ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዘረጋሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ውሃው አንድ ልክ ላይ ይቆማል። ጐረቤታችን የሆኑት ግንበኛ የእኛን መሣሪያ ባዩ ጊዜ «ልጄ፣ ይኼ እኮ የእኛው ውሃ ልክ ነው!» ብለው ሳቁ። እኔም «ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ልዩነቱ በአንዱ ጫፍ ነፋስ እንዲመጠው ማድረጋችን ብቻ ነው» አልኋቸው። በእርግጥም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። የቱቦው አንዱ ጫፍ ክንፉ ላይ ካለው ቀዳዳ፣ ሌላው በዋሻው ግድግዳ ላይ ካለ ቀዳዳ ጋር ይያያዛል። በክንፉ ላይ ያለው ግፊት ሲቀንስ ውሃው በዚያ በኩል ከፍ ይላል፤ ሲጨምር ዝቅ ይላል። የውሃው ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የግፊቱ ልዩነት 9.8 ፓስካል ነው።

የነፋሱ ፍጥነት የሚለካውም በዚሁ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 የሴን ወንዝን ፍጥነት ለማወቅ አፉ ወደ ወንዙ የዞረ ቱቦ አስገባ፤ ወንዙ በፈጠነ መጠን ውሃው በቱቦው ውስጥ ከፍ አለ። ዛሬ በቦሌ ሜዳ ላይ በቆመ በማንኛውም አይሮፕላን አፍንጫ አጠገብ የሚታዩት አጫጭር ቀንዶች የፒቶ ቱቦዎች ናቸው። ፍጥነት ያለው አየር ቱቦው አፍ ላይ ሲቆም የሚጨምረው ግፊት «የእንቅስቃሴ ግፊት» ይባላል። መጠኑም የአየሩ እፍግታ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ፤ የትምህርቱ ፍሬ ያለው ከዚህ ነው። በክንፉ ላይ በአንድ ቀዳዳ የተነበበውን የግፊት ልዩነት ለእንቅስቃሴው ግፊት ብናካፍለው፣ ኪሎም ሜትርም ፓስካልም የሌለበት ባዶ ቍጥር እናገኛለን። ይህ ቍጥር የግፊት ኮፊሸንት ይባላል። ነፋሱ ቢፈጥን ሁለቱም ግፊቶች አብረው ያድጋሉ፤ አየሩ ቢሳሳ ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ፤ ቍጥሩ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ከክንድ የማይበልጥ ሞዴል ስለ ትልቁ አይሮፕላን መመስከር የሚችለው በዚህ ቍጥር ነው።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በባሕር ዳርቻ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ እዚህ ግን 0.92 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የክንፉ የግፊት ኮፊሸንት ስለማይለወጥ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አይሮፕላኑ ከመቶ 14 ያህል አብልጦ መሮጥ አለበት። ሞተሩም በሳሳ አየር ይደክማል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ሰፈር በስተ ሰሜን «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ስሙን ያገኘው ከልደታው የቀድሞ አይሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የጄት አይሮፕላኖች ሲመጡ ያ ሜዳ ስላልበቃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ።

በልደታው ሜዳ ይነሡ ከነበሩት አይሮፕላኖች አንዱን ዓይነት ወስደን እንመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 ነበር፤ ይኸውም ዲሲ-3 የሚባለው የዳግላስ አይሮፕላን የወታደር ዓይነት ነው። ዲሲ-3 ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ 11,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የክንፉ ስፋት 92 ሜትር ካሬ ያህል ነው። ብናካፍል አንድ ሜትር ካሬ ክንፍ 124 ኪሎ ያነሣል፤ ወይም 1,200 ፓስካል ገደማ ማለት ነው። አሁን ይህን ከከተማችን የአየር ግፊት ጋር እናስተያየው፤ እርሱ 77,000 ፓስካል ገደማ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ብረት፣ ሰውና ዕቃ የሚያነሣው በክንፉ ላይና ሥር ያለው ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ልዩነት ብቻ ነው! መጀመሪያ ሳሰላው ስለ ተጠራጠርሁ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት።

የዚህ አይሮፕላን ታሪክ ከነፋስ ዋሻ ጋር የተያያዘ ነው። የዲሲ-3 አባት የሆነው ዲሲ-1 ሲታቀድ ሞዴሉ በካሊፎርንያ፣ በፓሳዲና ከተማ፣ ካልቴክ በሚባለው ተቋም የነፋስ ዋሻ ውስጥ ተፈተነ። በወረቀት ላይ ያማረው ዕቅድ በዋሻው ውስጥ ሚዛኑን የማይጠብቅ ሆኖ ተገኘ። መሐንዲሶቹ የክንፎቹን የውጭ ክፍል ወደ ኋላ አዘነበሉት፤ ሚዛኑም ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዲሲ-1 በረረ፤ ዲሲ-3 ደግሞ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከተለ። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው የክንፉ ፊት ወደ ኋላ የተጣለ መሆኑን ያስተውላል። ያ ቅርጽ ከሞዴል የተገኘ ምክር ነው። (በዚያው በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን መሠራቷን፣ ጣልያኖችም ወስደዋት በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ መመለሷን አንባቢ ያስታውሳል።)

እኔና ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ዘንድሮ የነፋስ ዋሻ ሠርተናል። ለሌሎች እንዲጠቅም አሠራሩን እገልጻለሁ። አካሉ ከጠንካራ ካርቶን ነው፤ የመፈተኛው ክፍል 30 ሳንቲ ሜትር በ30 ሲሆን አንዱ ጐኑ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ቬንትሌተሩን ያደረግነው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው፤ አየሩን እንዲስብ እንጂ እንዲነፋ አይደለም። ቬንትሌተር የሚነፋው አየር እየተጠማዘዘ ይሄዳልና። በመግቢያው ላይ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የለስላሳ መጠጫ ስትሮዎችን ደርድረን አጣበቅን፤ አየሩ በየስትሮው ውስጥ አልፎ ቀጥ ብሎ ይገባል። ክንፉ ከዕቃ ማሸጊያ ፎም ተቀርጾ በወረቀት የተለበጠ ሲሆን፣ ከፊት እስከ ኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። የግፊት ቱቦ ያደረግነው ቀለማቸው ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎዎችን ነው፤ አምስት ከላይ፣ አራት ከታች። ከእነርሱ ወደ ማኖሜትሩ የሚወስደው የጕሉኮስ ቱቦ ነው።

አንድ ችግር ነበር። የነፋሳችን የእንቅስቃሴ ግፊት 2.5 ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ነው፤ ይህም በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ነፋስ የሚስማማ ነው። ሁለት ሚሊ ተኩልን በዓይን ማንበብ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው የቆየ ዘዴ ነው፤ ቱቦውን ማጋደም። ቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር ሄዶ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ እንዲል ሲጋደም፣ 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረው በቱቦው ላይ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ውሃው ላይ ጥቂት ቀይ ቀለም ጨመርንበት።

ክንፉ በ6 ዲግሪ ሲዘነበል ከላይ ያሉት አምስት ቀዳዳዎች ከፊት ወደ ኋላ 29፣ 24፣ 16፣ 9፣ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ መጠጡ። ከታች ያሉት 8፣ 4፣ 2፣ 1 ሚሊ ሜትር ገፉ። ለ25 ብናካፍላቸው ኮፊሸንቶቹ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ከእንቅስቃሴው ግፊት በላይ መምጠጡን፣ ከጠቅላላው ኀይልም ከአምስት እጅ አራት እጁ ከላይ መሆኑን በዓይናችን አየን። ኤፌል የተናገረው በላፍቶም ያው ነው። የአየሩን መንገድ ለማየት ደግሞ ዕጣን አጨስን። የዕጣኑ ጢስ በስትሮው ውስጥ ቀጭን ክር ሆኖ ገብቶ በክንፉ ጀርባ ላይ ተጠግቶ ይወርዳል። በ14 ዲግሪ ግን ጢሱ ከክንፉ ጀርባ ተላቆ ተበታተነ፤ በዚያው ቅጽበት በማኖሜትሩ ላይ የፊተኛው ቀዳዳ ውሃ ወረደ። ክንፉ ማንሣቱን የሚተወው እንዲህ ነው።

በትላልቆቹ ዋሻዎች ዛሬ ውሃ የለም። በመቶ የሚቈጠሩ ቀዳዳዎች በኤሌክትሪክ መለኪያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነበባሉ። ቀዳዳ የማያስፈልገው ዘዴም አለ፤ ሞዴሉ ልዩ ቀለም ይቀባና ብርሃን ሲበራበት የአየሩ ግፊት ዝቅ ባለበት ቦታ ቀለሙ ደምቆ ያበራል። ምክንያቱም በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የቀለሙን ብርሃን ስለሚያደክም ነው።

ነገር ግን የሞዴል ምስክርነት ወሰን አለው፤ ይህም በክርክር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ገደማ ኤፌል በፓሪስ፣ ፕራንትል የሚመራቸው ሊቃውንት ደግሞ በጀርመን በጎቲንገን ነፋስ ኳስን ምን ያህል እንደሚገፋ ለኩ። የአንዱ ውጤት ከሌላው ከእጥፍ በላይ ራቀ። ሁለቱም ጠንቃቆች ነበሩ። ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1914 በኳሱ ዙሪያ ቀጭን ሽቦ አስሮ ሲፈትን፣ የእርሱም ቍጥር ወደ ኤፌል ቍጥር ወረደ። ለካ ከኳሱ ቆዳ ጋር ተጣብቆ የሚሄደው ስስ አየር ሁለት ዓይነት አካሄድ አለው፤ በዝግታ ሲሄድ ቶሎ ይላቀቃል፣ ሲታወክ ግን ተጣብቆ ይቆያል። የትኛው እንደሚሆን የሚያመለክተው ከዕቃው ርዝመት፣ ከፍጥነቱና ከአየሩ ባሕርይ የሚሰላው የሬይኖልድስ ቍጥር ነው። የእኛ ክንፍ ቍጥር 55,000 ያህል ነው፤ የመንገደኛ ጄት ግን ከአሥር ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ስለዚህ የእኛ 14 ዲግሪ የቦይንግ 14 ዲግሪ አይደለም። ትልልቆቹ ዋሻዎች ይህን ክፍተት የሚደፍኑት አየሩን በማመቅ ነው። በአሜሪካ በላንግሌ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ዋሻ አየሩን እስከ 20 እጥፍ ያምቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጅን እጅግ የቀዘቀዘ ዋሻ ተሠርቷል።

አየር በክንፍ ላይ የሚመጣበትን ማዕዘን መለካት በዋሻ ውስጥ ብቻ የሚቀር ሥራ አይደለም። አይሮፕላኑም በጕዞው ላይ ራሱ ይለካዋል፤ በአፍንጫው ግራና ቀኝ በነፋስ የሚዞሩ ትናንሽ ክንፎች አሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቍጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ ዐረፉ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያነብ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ያነብ ነበር። የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚያዞረው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በዚያን ጊዜ የሚሰማው አንዱን መለኪያ ብቻ ነበር። 5 ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የወደቀው አይሮፕላንም በዚሁ ሥርዓት ምክንያት 189 ሰዎችን ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ይህ ዓይነት አይሮፕላን በዓለም ሁሉ እንዳይበር ታገደ፤ እንደገና ሲፈቀድ ሥርዓቱ ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያመሳክር ተደርጎ ነው። በየሰፈራችን ያን ቀን የማያስታውስ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ስለ ማዕዘንና ስለ ግፊት ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ 74.5 ዲግሪ ማለት አይሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሊቆም ጥቂት ቀርቶታል ማለት መሆኑን፣ ጐኑ ያለው መለኪያ ግን ሌላ ይል እንደ ነበር ሳውቅ እንቅልፍ ነሣኝ።

ለዚህ ነው በእኛም ዋሻ ክንፉን በሁለት መንገድ የለካነው። በአንድ በኩል የዘጠኙን ቀዳዳዎች ግፊት በየድርሻቸው ደምረን የማንሣቱን ኀይል አሰላን፤ በ6 ዲግሪ 80 ግራም ያህል ሆነ። በሌላ በኩል ክንፉን በቀጫጭን ዘንጎች በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አቁመን፣ ነፋሱ ሲነሣ ስንት ግራም እንደሚቀል አነበብን፤ 72 ግራም ሆነ። ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ እኩል ይሆናሉ ብለንም አልጠበቅንም። ቀዳዳዎቹ ያሉት በክንፉ መካከል ብቻ ነው። ከግድግዳዎቹ አጠገብ ግን ከሥር ያለው አየር በክፍተቱ ሾልኮ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጫፎቹ ከመካከሉ ያነሰ ያነሣሉ። ሚዛኑ ይህን ያያል፤ ቀዳዳዎቹ አያዩም። በ14 ዲግሪ ግን ልዩነቱ ሰፍቷል፤ ቀዳዳዎቹ ከሚዛኑ በሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል አንሰው ተገኙ፤ ጢሱም የሚላቀቀው መጀመሪያ በመካከል ይሁን ወይም በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ገና አልለየንም። ከግድግዳው አጠገብ አንድ ሁለተኛ ረድፍ ቀዳዳ ቢበሳ ይታወቃል። ዋሻው በፊዚክስ ክፍሉ ጥግ በቀኝ በኩል ተቀምጧል፤ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ያላችሁ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አትጣሉ።